ዋስ የሌላት ሳጥን፦ ከጅግጅጋ እስከ ሀርጌሳ

ሰኞ፣ መነሻ

ሰኞ ጠዋት ወደ ጅግጅጋ በሚበረው አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶዬን ሳስር፣ የምሄደው አንድ የታመመ ማሽን ለማየት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጉዳዩ ግን የአንዲት ልጅ እንጀራና ስም ሆኖ ቆየኝ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። ድርጅቶች ኢንተርኔት ላይ የሚያወጧቸውን ሶፍትዌሮች እንደ ሌባ ሆኜ እሞክራለሁ። በየት በኩል እንደሚገባ አገኝና ቀዳዳውን እንዲደፍኑት አሳያቸዋለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር «የእኔ ልጅ ጥርጣሬ ትሸጣለች» ትላለች፤ አልተሳሳተችም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» በሚለው አባባል የቤት ኪራይ የምከፍል ሰው ብትፈልጉ እኔ ነኝ።

የጠሩኝ ሐጂ ኑረዲን ናቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ሀርጌሳ ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ከበርበራ ወደብ የሚመጣውን የነጋዴ ጭነት ተቀብለው ያከማቻሉ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይልካሉ። ነጋዴው ዕቃው የት እንደደረሰ በስልኩ የሚያይበት ድረ ገጽም አሠርተዋል። ድሬዳዋ ያለው ወንድማቸው ቀድሞ ሥራ ስለሰጠኝ ስልኬን ያገኙት ከእሱ ነው።

«እህቴ ሰብለ» አሉኝ በስልክ፣ «የጭነቱ ምዝገባ በሙሉ ከማሽኑ ጠፍቷል። የጠፋው በዙሁር፣ በቀትሩ ሶላት ሰዓት ነው። እኛ ሁላችን መስጊድ ነበርን። ቢሮ የቀረችው ብርቱካን የምትባል የአገራችን ልጅ ብቻ ናት። ክርስቲያን ስለሆነች በሶላት ሰዓት ቤቱን የምትጠብቅልን እሷ ናት። ወላሂ፣ በልጅቷ ክፉ ማሰብ አልፈልግም። ግን ሌላ ማን አለ?»

ሀርጌሳ ውስጥ የውጭ ሰው ቤት ሲከራይም ሥራ ሲገባም የሚቆምለት የአገሩ ሰው ያስፈልገዋል። የብርቱካን ዋስ አዴር ጃማ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ሐጂ ኑረዲንና አዴር ጃማ ሐሙስ ዕለት ሊቀመጡና ነገሩን ሊቆርጡ ተቀጣጥረዋል። ልጅቷ ጥፋተኛ ከተባለች ዋሷ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ያን ጊዜ ሥራም ማደሪያም የላትም፣ ከከተማው ትወጣለች። ማሽኑ ያለው እዚያው ቢሮው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ከሩቅ ሆኜ ልንካው ብል ሌላ በር ማስከፈት ስለሚሆንብኝ ራሴ ለመሄድ ወሰንኩ።

ቶጎ ውጫሌ

ከጅግጅጋ አየር ማረፊያ ወጥቼ ወደ ድንበር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ጥሩምባ አይነፋም፣ ቆሞ ያሳልፋቸዋል። ጫት የጫኑት መኪኖች ግን ግመልም ሰውም አይጠብቁም፤ ነፋስ ጥለውብን እያለፉ ይሄዳሉ።

ቶጎ ውጫሌ ላይ ከሚኒባሱ ስወርድ ሻሼን ከትከሻዬ ወደ ራሴ አወጣሁት። ድንበሩን በእግር ነው የተሻገርኩት። በዚህ ወገን ፓስፖርቴ ላይ መውጫ መቱልኝ፣ በዚያ ወገን አንዲት ጎልማሳ ሴት መግቢያ መታችልኝ። «ሀርጌሳ ማን ዘንድ ነው የምትሄጂው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። የሐጂን ስም ስነግራት ፊቷ ፈታ አለ። ጉዳዬን ከመጠየቋ በፊት የማን እንግዳ እንደሆንኩ መጠየቋን ያኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

ወደ ሀርጌሳ የሚሄደው ታክሲ ለአንድ ሰው ሰባት ዶላር አለኝ። መኪናው መሪው በቀኝ ነው፤ መንገዱ ደግሞ እንደ እኛው በቀኝ ይነዳል። ስለዚህ ሾፌሩ የተቀመጠው በዳር በኩል ሆኖ ፊት ለፊት የሚመጣውን በደንብ አያይም። ይህን ያወቅኩት ግን በግራ በኩል ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ አንድ የጭነት መኪና ልንቀድም ስንል ነው።

«እህት፣ እይ!» አለኝ ሾፌሩ በተሰባበረ አማርኛ። «ይመጣል?»

«ምኑ?»

«መኪና! ፊት!»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። መንገዱ ባዶ ነበር። «የለም» አልኩት፤ ቃሌ ሳያልቅ መኪናው ተወነጨፈ። ኋላ ወንበር አራት ሰው ተጣቧል፣ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። ሰውየው ስሜን እንኳ አያውቅም። እኔ በሥራዬ የባለቤቱን የይለፍ ቃል እንኳ ሁለት ጊዜ የማስጽፍ ሰው፣ በአንዲት «የለም» ሰባት ነፍስ አሳለፍኩ። ከዚያ በኋላ ገቢሌ ከተማ እስክንደርስ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። ሾፌሩም በየጊዜው «እህት?» ይለኛል፤ «ቆይ» ስለው ይቆያል፣ «የለም» ስለው ይሄዳል። ብዙ ዓመት የኖረ ባልና ሚስት እንዲህ አይደማመጥም።

ገቢሌ ላይ ማሽላው አንገቱን ደፍቶ አየሁት። አረብሲዮ ስንደርስ ሾፌሩ ቆመና ከመንገድ ዳር ፓፓያ ገዛ፤ ለእኔም አንድ አስታቀፈኝ። ልከፍል ስል «አንቺ ዓይን ነሽ» ብሎ እጄን መለሰው። ደስታዬን ለመደበቅ አልሞከርኩም።

ጅግጅጋ ያር

የሐጂ ኑረዲን ቢሮ ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ሱቆቹ የሚሸጡትን ዕቃ ግድግዳቸው ላይ በቀለም ስለውታል፤ ጥርስ ነቃዩ ጥርስ፣ ሥጋ ሻጩ ግመል። ማንበብ የማይችልም እዚያ ሰፈር የሚፈልገውን አያጣም። ሐጂ ነጭ ጢማቸውን በሂና አቅልተው በር ላይ ጠበቁኝ። መጀመሪያ በቅመም የፈላ የወተት ሻይ አስጠጡኝ፤ ቀጥሎ በእጄ ያለውን ፓፓያ አይተው «ገና ሳትደርሺ ዘመድ አፈራሽ ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

ከሻዩ በኋላ ወደ መሀል ከተማ በሚኒባስ ወሰዱኝ፣ ስልኬ ላይ የአገሩን ሲም እንዳስገባ። እዚያ ነው ገንዘብ መንዛሪዎችን ያየሁት። የሽልንግ እሽግ እንደ ጡብ ደርድረው በጎዳና ዳር ይቀመጣሉ። አዛን ሲሰማ ተነሡና በገንዘቡ ላይ የዓሣ ማጥመጃ የመሰለ መረብ ጣል አድርገው ወደ መስጊድ ሄዱ። ዘበኛ የለም። ፍየል በአጠገቡ አለፈች፣ ሰውም አለፈ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

«መረቡ ለምን ነው?» አልኳቸው ሐጂን ከሶላት ሲመለሱ።

«ለነፋስ ነዋ!»

ሳቅኩ። ውስጤ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። የሙያ በሽታ ነው።

26 ጁን ሰፈር፣ ማክሰኞ

ማሽኑን ከመንካቴ በፊት ልጅቷን ማየት ፈለግሁ። ብርቱካን 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ከሁለት ያገር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። አንዷ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሌላዋ ግንባታ ቦታ ብሎኬት ታቀብላለች። ስገባ ብርቱካን ሻንጣዋን ዘግታ አልጋው ላይ አስቀምጣው ነበር። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ዓይኗን ከሰው ዓይን የማትሰብር።

«ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«ላውቅሽ ነው።»

«አልነካሁም። ሌላ የምለው የለኝም። አልለምንም ደግሞ።»

ራሷ ቀጠለች።

«እህቴ፣ በሶላት ሰዓት ቢሮውን ለእኔ ጥለውልኝ ሲወጡ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? በሩ ክፍት፣ ማሽኑ ክፍት፣ የሰው ዕቃ እስከ ጣሪያው። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። በአገሬም እንዲህ ያመነኝ ሰው አልነበረም። አሁን ያቺው ሰዓት ጠላት ሆነችብኝ።»

«ሻንጣው ምንድን ነው?»

«ነገ ልሄድ ነበር። ብሄድ ሌባ ነበረች ይላሉ። ብቀር አዴር ጃማ በእኔ ምክንያት ሰው ፊት ያፍራሉ። ለእኔ ዋስ ሲሆኑ ማንም አላስገደዳቸውም፤ በራቸው ላይ ሻይ ስሸጥ አይተውኝ ነው።»

እስከ ሐሙስ እንድትቆይልኝ ለመንኳት። ሻንጣዋን አልፈታችም፤ ግን ከአልጋው አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። ስወጣ ያ ሻንጣ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ማሽን ስመረምር እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ማሽኑ ዘንድ

ሐጂ «እንደፈለግሽ ሞክሪ» ብለው በሠራተኞቻቸው ፊት ፈቀዱልኝ። ያለ ፈቃድ የሰው በር አልነካም። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የቀረውን ሁሉ ቅጂ ወሰድኩ፣ ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። የማሽኑ የራሱ መዝገብ አብሮ ተደምስሷል፤ ማን ምን እንደሠራ የሚናገር ነገር አልቀረም። ሶፍትዌሩን የጻፈው ልጅ ወደ ባሕረ ሰላጤ አገር ሄዷል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የሶማሊኛውም የአማርኛውም ገጽ ያምራል። የጎደለችው አንዲት ነገር ናት።

ድረ ገጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች። ነጋዴው የጭነቱን ቁጥር ይጽፍባታል፣ ደረሰኝ ይወጣለታል። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው የተጻፈውን ተቀብሎ ከትእዛዝ ጋር አጣብቆ ለማሽኑ መስጠት ነው፤ «የዚህን ቁጥር ደረሰኝ አዘጋጅ» እንደማለት። የተጻፈው ቁጥር ብቻ ከሆነ ሰላም ነው። ግን አንዱ ተነሥቶ ከቁጥሩ ኋላ አንዲት ምልክት አድርጎ «ቀጥሎም ሁሉንም ደምስስ» ብሎ በማሽኑ ቋንቋ ቢጽፍስ? ማሽኑ የቱ የባለቤቱ ቃል፣ የቱ የእንግዳው ቃል እንደሆነ አይለይም። ለባለሱቅ በላካችሁት ብጣሽ ወረቀት ላይ መንገደኛ አንድ መስመር ቢጨምርበት እንደማለት ነው፤ ባለሱቁ ሁሉንም የእናንተ ቃል ብሎ ይሰጣል። በእኛ ሙያ ኮማንድ ኢንጀክሽን ይሉታል፤ ትእዛዝ አስርጎ ማስገባት ነው። ይህን ለማድረግ ቢሮ መግባት አያስፈልግም። ስልክ ያለው ሰው ከየትም አገር ሊያደርገው ይችላል። እንዲያውም ሰው ላይሆን ይችላል፤ በየድረ ገጹ እየዞረ እንዲህ ያለ ሳጥን የሚያንኳኳ ፕሮግራም ዓለም ላይ ሞልቷል። ከሶላት ሰዓት ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው።

ቀዳዳውን ሳገኝ ብድግ ብዬ ጨፈርኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን እውነት ነው። ከዚያ ተቀመጥኩና አሰብኩ። ይህን ለሽማግሌ እንዴት ነው የማስረዳው? «ማሽኑን መርምሬዋለሁ፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት» ብል፣ ያገሯ ልጅ አዝናላት ነው ይሉኛል። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

ይህን እያሰላሰልኩ ወደ መጋዘኑ ወጣ አልኩ። ምዝገባው ስለጠፋ የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሐጂ ታዲያ መጋዘኑን ከፍተው ነጋዴውን ሁሉ «ኑና የራሳችሁን ውሰዱ» ብለው ጠርተውት ቆዩኝ። እኔ ግርግር ይነሣል ብዬ ግድግዳ ያዝኩ። ምንም አልተነሣም። እያንዳንዱ ገባ፣ የራሱን ፈልጎ አሳየ፣ አንዱ ለሌላው እየመሰከረ ወጣ። አንዲት ወፍራም ነጋዴ የእሷ መስሏት የተሸከመችውን ካርቶን በር ላይ ከፍታ አየችውና፣ የሌላ ሰው ብርጭቆ መሆኑን ስታውቅ እየሳቀች መልሳ አስቀመጠችው። እስከ ማታ ባለቤት ያጣ ዕቃ ጥቂት ነው። ያን ካየሁ ወዲህ በመረቡ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ ዙሁር

አዴር ጃማ ከረፋዱ ጀምሮ ቢሮው በር ላይ ወንበር ይዘው ነበር። ከዘራቸው ከአገጫቸው ሥር ነው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠርተዋል፤ አማርኛቸው ያረጀ ግን ያልተሰበረ ነው። ሐጂና ሁለቱ ሠራተኞቻቸው በዙሪያቸው ቆመዋል። ብርቱካን ከእኔ ኋላ ናት።

«ልጅቷ አጥፍታ ከሆነ እኔ እከፍላለሁ» አሉ አዴር ጃማ። «አላጠፋችም ከሆነ፣ ጥርጣሬ የተነገረበት ቦታ ላይ ሌላው ቃል ይነገራል። እዚሁ። ልማዳችን ነው።»

«ይሁን» አሉ ሐጂ።

«አዴር» አልኳቸው፣ «አንድ ነገር ልለምንዎ። አሁን አዛን ይላል። ቢሮውን ገብተው ይዩ፤ ሰው አለመኖሩን፣ የደረሰኝ ማተሚያው ላይም የታተመ ወረቀት አለመኖሩን። ከዚያ በሩን በእጅዎ ይቆልፉና ቁልፉን ይዘው ወደ መስጊድ ይሂዱ። እኔና ብርቱካን ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤቱ ጋ፣ ሰው እያየን እንቀመጣለን።»

ሽማግሌው አዩኝ፣ ከዚያ ልጅቷን አዩ። ገቡ። ማተሚያውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፣ ሥር ሥሩን አዩ። ቆልፈው ቁልፉን በመቀነታቸው ውስጥ አሠሩት። ሁሉም ሄዱ። መንገዱ ጭር አለ፤ ሱቁ ሁሉ ጨርቅ ብቻ ተጋርዶበት ክፍት ቀረ።

ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስልኬን አወጣሁ። እንደ ማንኛውም ነጋዴ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ሳጥኗ ውስጥ አንድ የጭነት ቁጥር፣ ቀጥዬ ያቺን ምልክት፣ ቀጥዬ ማተሚያውን የሚያዝ አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ። የሚታተመውን የአማርኛ ቃል ማተሚያው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በላቲን ፊደል አደረግኩት።

«ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለችኝ ብርቱካን።

«ሲመለሱ ትሰሚዋለሽ።»

ሻዩን አልነካችውም። እኔም ብርጭቆዬን ያነሣሁት ባዶ መሆኑን ረስቼ ነው።

ተመለሱ። አዴር ጃማ ቁልፉን ፈትተው በሩን ከፈቱ። ከመንገድ ማዶ ሆነን ወገባቸውን ጎንበስ ሲያደርጉ አየናቸው። ወረቀት ይዘው ወጡ። ሶማሊኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና ለማንበብ አልተቸገሩም፤ ፊደሉን እየለቀሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአማርኛ አነበቡት።

«እዚህ ማንም የለም።»

ሐጂ ወረቀቱን ወስደው ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩ። «ሱብሓነላህ!» አሉ። «ማን ገባ?»

«ማንም አልገባም» አልኳቸው። «ከዚያ ጥላ ሥር ሆኜ፣ ድረ ገጹ ላይ ነጋዴው ቁጥር በሚጽፍባት ሳጥን ነው የጻፍኩት። እኔ የጻፍኩት የሰላም ቃል ነው፤ ሌላው ደምስስ ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ሁለታችንም እርስዎን መስለነው ታዘዘን።»

አዴር ጃማ እንደገና እንድሞክር አዘዙኝ፤ ዓይናቸው እያየ ሁለተኛው ወረቀት ወጣ። ማተሚያውን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«ይህቺ ሳጥን» አሉ በመጨረሻ፣ «እንግዳ ሲጽፍባት ማን ዘንድ መጣህ ትላለች?»

«አትልም፣ አዴር። ዋስ የላትም። የጻፈላትን ሁሉ ቀጥታ ጓዳ ታስገባለች።»

«እኛ እንኳን ጓዳ፣ ድንበር ላይም እንጠይቃለን» አሉ። ውጫሌ ላይ ማህተም የመታችልኝ ሴት ትዝ አለችኝ።

ሐጂ ኑረዲን ቆብ ያደረገ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሠራተኞቻቸውን አቀረቡ፣ ጎረቤት ባለሱቆችንም ጠሩ። ከዚያ በዚያው በር ላይ ቆመው፣ አማርኛውን ወደ ሶማሊኛም እየመለሱ ተናገሩ። «በዚች ቦታ በብርቱካን ላይ ክፉ ቃል ተናግሬ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም ብዬ ነው። ሌላ መኖሩን አላወቅኩም። ልጄ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።»

ብርቱካን እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። አሁን አለቀሰች። አዴር ጃማ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና «ሓል አለ» አሉ። ሓል የተበደለ ክብር ማካሻ ነው፤ ይቅርታው ባዶ እጁን አይመጣም። ለካሳው አንድ ፍየል ተወሰነ። ሐጂ ወዲያው ሳቅ አሉና «ፍየሉን ከነነፍሱ ነው የምሰጣት» አሉ። «እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ የእኛን ቢላዋ እንደማትበላ አውቃለሁ። በራሷ ሰው ይታረድላት።»

ያን ዕለት ማምሻውን 26 ጁን ግቢ ውስጥ ግንባታ የሚሠራ የጎንደር ልጅ አማትቦ አረደው። ሐሙስ በመሆኑ ጾምም አልነበረም። ሐጂና አዴር ጃማም መጡ፤ ለእነሱ ከውጭ ሩዝ በሥጋ ተገዛላቸውና በአንድ ምንጣፍ ላይ በሁለት ትሪ በላን። ሻንጣው ጥግ ላይ ተከፍቶ፣ ልብሱ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት።

ጥገናው

ዓርብ ሀርጌሳ ታርፋለች፤ እኔም አረፍኩ። ቅዳሜና እሑድ ሠራሁ። የሐጂ ሒሳብ ሠራተኛ «ያቺን ክፉ ምልክት ብቻ ብናግዳትስ?» ብሎኝ ነበር። ክፉውን እየዘረዘሩ ማገድ አያልቅም፤ አንዱን ስትዘጋ ሌላው ይመጣል፣ የጭነት ቁጥሩ ላይ ያ ምልክት ያለበት ሰላማዊ ነጋዴም አብሮ ይታገዳል። ስለዚህ ሳጥኗን የጭነት ቁጥር የሚመስለውን ብቻ እንድትቀበል፣ ሌላውን በር ላይ እንድትመልስ አደረግኳት። ትልቁ ሥራ ግን ከኋላዋ ነው። የተጻፈው ነገር ከትእዛዝ ጋር እንዳይጣበቅ ለያየሁት፤ ደረሰኙን አሁን ሶፍትዌሩ ራሱ ያዘጋጃል፣ የእንግዳ ቃል ማሽኑን የሚያዝበት መንገድ የለም። ሶፍትዌሩንም እንደ ጌታ ከመሥራት አውርጄ ሥልጣኑን ቀነስኩት፤ ነገ ሌላ ቀዳዳ ቢገኝ እንኳ የመደምሰስ መብት የለውም። የምዝገባው ቅጂ በየቀኑ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ አደረግን።

የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር ያ የማይታወቅ እጅ አይቶት ሊሆን እንደሚችል ለሐጂ ነገርኳቸው። ብዙ ባለድርጅት እዚህ ላይ ሲደርስ «ዝም እንበል» ይላል። ሐጂ ግን «የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው» ብለው ለደንበኞቻቸው በሙሉ ነገሩ። አንድም ነጋዴ አልተዋቸውም።

አንድ ነገር ቀረ። ሳጥኗ ላይ እንግዳ ነገር ሲጻፍ የተጻፈውን የያዘ መልእክት በአንድ ሰው ስልክ ላይ እንዲደርስ ማድረግ ነበረብኝ። «በማን ስልክ?» አልኩ። ሐጂ አላሰቡም። «በሶላት ሰዓት የምትቀመጠው እሷ አይደለች?» አሉ፤ ወንበሩን ወደ ብርቱካን ገፋ አደረጉላት።

መመለሻ

ሰኞ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ በኩል ተመለስኩ። ብርቱካን ታክሲ ይዛ ሸኘችኝ። መሪው በቀኝ ነው፤ እሷ ፊት ወንበር በግራ በኩል ተቀምጣ «ና... ቆይ... አሁን ሂድ» እያለች ሾፌሩን በሶማሊኛ ታዘዋለች። ከኋላ ሆኜ ሳያት ኮራሁባት።

አዲስ አበባ ስገባ እናቴ «ዛሬስ ጥርጣሬሽን ሸጥሽ?» አለችኝ። ትንሽ ቀንሼ ነው የመጣሁት። ያ ከተማ ገንዘቡን በመረብ ሸፍኖ የሚሄደው ሞኝ ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ስለ እሱ የሚጠየቅ ሰው አለው፤ ያ ነው መረቡ። በማሽን ሳጥን ላይ የሚጻፍ ቃል ግን ከኋላው ማንም የለውም። እኛ ስንሳሳት ግልብጡን እናደርጋለን፤ ሰውየውን እንጠረጥርና የተጻፈውን እናምናለን። ጥርጣሬ መሸጤን አልተውኩም፤ ሰውን መጠርጠሩ ግን ይበቃኛል።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የሙያ በሽታዬ ተነሣብኝ። ስልኬን አውጥቼ የሐጂን ድረ ገጽ ከፈትኩና ያቺኑ መስመር፣ ቁጥሩንና ምልክቱን አስከትዬ፣ «እዚህ ማንም የለም» ብዬ ሳጥኗ ውስጥ ጻፍኩ። ሳጥኗ «ይህ የጭነት ቁጥር አይደለም» ብላ መለሰችኝ። ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል ስልኬ ጠራ። ሀርጌሳ ዙሁር ሶላት ላይ ነበረች፤ ሳነሣው ከወዲያ በቢሮው መስኮት የሚገባ የሩቅ አዛን ይሰማኛል።

«ሰብልዬ» አለች ብርቱካን፣ «እኔ አለሁ።»